ድመቷ የምትገባበት ሰዓት

ሶልያና ገብረየስ በአንድ ትርኢት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ «እስማማለሁ» ትላለች። ትርኢቱ የሚፈጀው ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ስለሆነ፣ በየአሥራ ስድስት ሰከንዱ አንዴ ትስማማለች ማለት ነው።

በአዳማ የምሥራቅ በር ቴአትር ቤት የመድረክ አስተዳዳሪ ከሆነች በዚህ ዓመት፣ በ2093፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሞላት። መቀመጫዋ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ ነው። ትርኢቱን የሚመራው መሣሪያ፣ አስማሚው፣ በጆሮዋ ያናግራታል። ድምፁ በሥርዓት ያደገ ሰው ድምፅ ነው፤ አያቋርጥም፣ አይቆጣም። «መብራት ሠላሳ ሁለት ሊበራ ነው፤ ይስማማሉ?» ይላታል። «እስማማለሁ» ትላለች። ይበራል። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጉሮሮዋን ዘግቷት ሳትመልስ ቀረች፤ መብራቱ በሰዓቱ በራ። በማግስቱ ግን «በትናንቱ ትርኢት አንድ ስምምነት ጎድሏል፤ ምክንያቱን በሦስት ቀን ውስጥ ያስረዱ» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ሕጉ በእያንዳንዱ መድረክ አጠገብ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው ይቀመጥ ይላል። መብራት የሚያበራ ሰው ይቀመጥ አይልም።

ልማዱ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገብቷል። አምና ታናሽ እህቷ በስልክ «ባሌን ልፈታው ነው» ስትላት፣ ሶልያና ሽንኩርት እየከተፈች ነበርና ሳታስበው «እስማማለሁ» አለቻት። እህቷ ፈታችው። አሁን ላገኘችው ሰው ሁሉ «ሶልያና ብቻ ናት አንዴም ሳታቅማማ የደገፈችኝ» እያለች ታወራለች።

የሙያ ፈቃዷ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለማሳደስ ሁለት ሳምንት መማር ግድ ነው። የአምናው ትምህርት «ድምፅን ሳይለዋውጡ መስማማት» ይባል ነበር። የዘንድሮው «ተከታታይ ስምምነት፣ ደረጃ ሦስት» ነው። በፈተናው ከመቶ ዘጠና ስምንት አገኘች። ሁለቱን ነጥብ የት እንዳጣች የውጤት ወረቀቱን ገልጣ ብታይ፣ «በሰባተኛው ጥያቄ ላይ ማሰብ ተስተውሏል» ይላል።

እሷ ሙያውን ስትጀምር የተማረችው በሌላ መንገድ ነበር። የተውኔቱን ጽሑፍ በትልቅ ደብተር ላይ ትለጥፋለች፤ መብራቱን፣ ድምፁን፣ የተዋናዩን መግቢያና መውጫ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ትጽፋለች፤ ሰዓቱ ሲቃረብ «ተዘጋጅ» ትላለች፤ የተዋናዩን ትንፋሽ ታዳምጣለች፤ ከዚያ «ሂድ» ትላለች። በ«ተዘጋጅ» እና በ«ሂድ» መሃል ያለችው ነገር ነበረች ሙያው። ትምህርት ቤቱ ለዚያች ነገር ስም አላወጣላትም ነበር። ስም ስላልነበራትም ስትሰረዝ የተቃወመ የለም።

በአዳራሹ ያሉት ወንበሮችም የራሳቸው ሥራ አላቸው። ሰው ሲቁነጠነጥ፣ ሲያዛጋ፣ እግሩን ሲያነባብር ያውቃሉ። ያወቁትን ለአስማሚው ይነግሩታል። አስማሚው ደግሞ ሰው የተቁነጠነጠባትን ቦታ በሚቀጥለው ቀን ጥቂት ያሳጥራታል። «የበሩ ማዶ» የተባለው ተውኔት ከአራት ዓመት በፊት መታየት ሲጀምር ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። በአንድ ቀን ብዙ አልተቆረጠም። አንድ ቀን አንድ ሳቅ፣ ሌላ ቀን የአንድ ኑዛዜ ጅራት፣ በሳምንቱ ደግሞ አንድ አጎት ከነቤተሰቡ። ጎረቤቶች ለቅሶ የሚደርሱበት ትዕይንት ድሮ ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ይገባሉ፣ «ነፍስ ይማር» ይላሉ፣ ይወጣሉ። ተመልካቹ በጊዜ ቤቱ ስለሚገባ አንድም ቅሬታ አላቀረበም።

ቅር ያላቸው ጋሽ ናሆም ደረሰ ብቻ ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የአባትየውን ሚና ይጫወታሉ። በተውኔቱ ውስጥ ሴት ልጃቸው ኮብልላ ከጠፋች ሃያ ዓመቷ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት በሩ ይከፈታል፣ ልጅቷ ደፉ ላይ ትቆማለች፣ አባት ቀና ብሎ ያያታል፣ «ገባሽ?» ይላታል። ድሮ በማየታቸውና በ«ገባሽ?» መሃል ጋሽ ናሆም አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ይሉ ነበር። አሁን የተፈቀደላቸው ስድስት አሥረኛ ሰከንድ ነው። ስትሞላ አስማሚው በጆሯቸው «ቃል» ይላቸዋል።

«ሶልዬ» አሏት አንድ ማክሰኞ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ካልሲያቸውን እየሳቡ፣ «ሃያ ዓመት ያላየኋትን ልጅ እንደ ታክሲ ረዳት ነው የምቀበላት። ግባ፣ ግባ፣ ሞልቷል። መደንገጥ እንኳ አይደርሰኝም። ትናንት አቅፌያት ከጨረስኩ በኋላ ደነገጥኩ፤ ያኔ መብራት ጠፍቶ ሰው እየወጣ ነበር።»

«ቅሬታ ያስገቡ እንጂ ጋሽ ናሆም።»

«አስገብቼ ነበር። መልሱ ይኸውልሽ።»

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። «ተዋናይ ናሆም ደረሰ ወደ ቃል የሚደርሱበት ፍጥነት ከተፈቀደው በሦስት አሥረኛ ሰከንድ ይዘገያል። ካልተሻሻለ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ሚናቸው በምስላቸው ይሸፈናል» ይላል። ምስላቸው የተቀረጸው የአርባ ዓመት ጎልማሳ ሳሉ ነው። ያኔ ሁሉም ተዋናይ ይቀረጽ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

«ያን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አሉ ጋሽ ናሆም ስለ ራሳቸው ምስል። «ገና ልጅ እንኳ አልወለደም። ምን አውቆ ነው አባት የሚሆነው?»

ሶልያና ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላቸው።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ትርኢቱ እንደ ወትሮው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ። አጎቱ የሌለበት ሰርግ አለፈ፤ ለቅሶው አለፈ። የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰና በሩ ተከፈተ። ልጅቷን የምትጫወተው ኤልዳና ደፉ ላይ ቆመች። ጋሽ ናሆም ቀና አሉ። «ሙዚቃ አሥራ ዘጠኝ ሊገባ ነው፤ ይስማማሉ?» አለ አስማሚው። ሶልያና አፏን የከፈተችው «እስማማለሁ» ልትል ነበር።

«ቁም» አለች።

«ቁም» ለመድረክ አስተዳዳሪ የተተወች ብቸኛ ቃል ናት። አደጋ ሲያጋጥም ትባላለች። ስትባል አስማሚው ይቆማል። መብራቱ ባለበት ይረጋል፤ ሙዚቃው ዝም ይላል፤ ተዋናዮች «ቀጥል» እስኪባሉ ካሉበት ሳይንቀሳቀሱና ሳይናገሩ ይጠብቃሉ። ወንበሮቹም መቁጠር ያቆማሉ፤ አደጋ የትርኢቱ አካል አይደለምና። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ሶልያና ይህችን ቃል የተናገረችው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለእሳት፣ አንዴ ለወደቀ ተዋናይ።

ጋሽ ናሆም መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። በጆሯቸው «ቃል» የሚላቸው የለም። አምስት ሰከንድ አለፈ። ከዚያ ልጅቷን አዩዋት። መጀመሪያ ጫማዋን፣ ቀስ ብለው ፊቷን። ቀኝ እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ፈልጎ ሲያጣ አየር ላይ ቀረ። ሶልያና ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፤ ስንት ዓመት ሳትሰማው ቆይታ ነበር። ወደ ውስጥ ገባ፤ አልወጣም፤ አሁንም አልወጣም። ሊወጣ ሲል «ቀጥል» አለች።

«ገባሽ?» አሉ ጋሽ ናሆም።

አርባ ሰከንድ ነበር። አምስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ትልቅ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ተሰማ።

ችግሩ የመጣው ከትርኢቱ በኋላ ነው። «ቁም» የተባለበት ምክንያት በአንድ ሰዓት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቅጹ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት አደጋ ይዘረዝራል። ሶልያና ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበበችው። እሳት እንዳትል አመድ ይጠየቃል። የወጣ ምስማር እንዳትል ምስማሩ ከቅጹ ጋር ይቀርባል። ውሃ ፈሰሰ ብትል ቧንቧ ሠራተኛ ይመጣል። ቁጥር ሰማንያ ስምንት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ «የቤት እንስሳ ወደ መድረክ መግባት»። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት የእሳት ራት አንድ ሙሉ የሙዚቃ ዝግጅት ካስቆመች ወዲህ፣ ካሜራዎቹ ከአምስት ኪሎ በታች ያለውን ነገር እንዳያዩ ተደርገዋል።

የእንስሳው ዓይነት፦ ድመት። ቀለም፦ ቡራቡሬ። የገባችበት፦ ከቀኝ። የወጣችበት፦ በግራ። ጠባይ፦ ዝግተኛ። መጠሪያ ካላት የሚለው ላይ ጥቂት አሰበችና «ወለላ» ብላ ሞላች። ስም የወጣለት ውሸት ቤት ይሠራል።

«ትናንት ድመት ገብታ ነበር አሉ» አሏት ጋሽ ናሆም በማግስቱ።

«ገብታ ነበር።»

«እኔ አላየኋትም።»

«እርስዎ ልጅዎን ነበር የሚያዩት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ካልሲያቸውን መሳብ ቀጠሉ። «ዛሬስ ትመጣ ይሆን?»

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ነው የሚባለው ጋሽ ናሆም።»

ወለላ በሳምንት አራት ቀን መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን አርባ ሰከንድ፣ አንድ ቀን ደቂቃ ከሩብ። ሶልያና ሰዓት አትቆርጥላትም፤ ታዳምጣለች። ጋሽ ናሆም የደከሙ ዕለት ድመቷ ቶሎ ታልፋለች። እሑድ፣ አዳራሹ የሞላ ዕለት፣ መሃል መድረክ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ትልሳለች። በቅጹ ላይ እንዲያ ተብሎ ተመዝግቧል።

ከዚህ ሁሉ ያልታሰበ ነገር ተከተለ። በ«ቁም» ጊዜ ያለፈው ደቂቃ ስለማይቆጠርና ጋሽ ናሆም «ቀጥል» ሲባሉ ቃሉ ከንፈራቸው ላይ ስለሚደርስ፣ አስማሚው ያየው በሁለት አሥረኛ ሰከንድ የሚናገር ተዋናይ ነው። በሰኔ መጀመሪያ የምስክር ወረቀት መጣላቸው፤ ከአዋሽ ወዲህ ባሉት መድረኮች ሁሉ ፈጣኑ ተዋናይ መሆናቸውን ይገልጻል። በምስል የመተካቱ ነገርም ተሰረዘ። ጋሽ ናሆም ወረቀቱን መስተዋቱ ላይ ለጠፉት። «ዝም ስላልኩ ነው የፈጠንኩት» ይላሉ ለጠየቃቸው። ሰው እንደ ቅኔ ይሰማቸዋል።

አስማሚው ግን ስለ ድመቷ ዝም አላለም። ድመት የማባረር ሥልጣን ስላልነበረው ድመት የማባበል መንገድ መረጠ። በየቀኑ ሩብ ኪሎ ዓሣ ከዝዋይ እያዘዘ፣ ወለላ ወደ መድረክ መግባቷን ትታ እንድትበላው በጓሮው በር እንዲቀመጥ አደረገ። ዓሣውን የሚረከበው የቴአትር ቤቱ ኃላፊ ኪሩቤል ነው፤ ገና አርባ ያልሞላው፣ ሲጨነቅ ኮሌታውን የሚነካካ ሰው።

«እትዬ ሶልያና» አላት አንድ ቀን በሹክሹክታ፣ «ይህቺ ድመት በእውነት አለች?»

«ከሌለች ዓሣውን ማን በላው ታዲያ?»

ኪሩቤል ኮሌታውን ነካ ነካ አድርጎ ሄደ። ዓሣውን ለሁለት ሳምንት ሲበሉ የከረሙት እሱና ዘበኛው ነበሩ።

በሰኔ አጋማሽ ከትዕይንት ደህንነት መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። አቤኔዘር ወልደሰንበት ይባላል። ሃምሳ ቢጠጋው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ። አሥራ ስድስቱን የድመት ቅጾች በቀናቸው ደርድሮ ይዟል። በመጀመሪያ ጋሽ ናሆምን ጠየቀ፤ ሶልያናም አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር።

«ድመቷን አይተዋታል?»

ሶልያና ጋሽ ናሆምን አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ረስታ ነበር። ተዋናይ «አላየሁም» የሚል ሚና አይወድም።

«ማየት ብቻ» አሉ፣ ተነሥተውም ቆሙ። «በዚህ ገባች። አንገቷን እንዲህ አድርጋ። ቆመች፤ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የሆነ የጥንት ነገር ነበር። ከዚያ ጅራቷን፣ ያን ነጭ ጅራቷን...» እጃቸውን ከኋላቸው አዞሩና ጅራት አደረጉት። «እንደ በረዶ ነጭ ናት ያንተ ያለህ።»

አቤኔዘር ቅጹን አየ። «ቡራቡሬ ይላል።»

ጋሽ ናሆም ጅራታቸውን ቀስ ብለው አወረዱት።

«ሁለት ናቸው» አለች ሶልያና።

ይህን ባትል ይሻላት ነበር። አቤኔዘር መመሪያውን ገለጠ፤ የትኛው ገጽ እንደሆነ ሳይፈልግ አገኘው። «ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ መንጋ ይባላሉ። መንጋ ያለበት ቴአትር ቤት ለሃያ አንድ ቀን ይዘጋል። ድመቶቹ ከሌሉ ደግሞ አደጋ በሐሰት ያስመዘገበ አስተዳዳሪ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ዳግመኛም አይሰጠውም። የትኛው እንደሆነ ዓርብ ትርኢቱን አይቼ እወስናለሁ። እስከዚያው ደህና ይሁኑ ወይዘሮ ሶልያና።»

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሶልያና ባዶው መድረክ ላይ ብቻዋን ተመላለሰች። ይህ የድሮ ልማዷ ነው፤ ጫማዋን አውልቃ የወጣ ምስማር ካለ በእግሯ ትፈልጋለች። ኪሩቤል ከአዳራሹ በር ተጣራ። «እትዬ፣ ዛሬ አትምጣ በያት በናትሽ። አንድ ቀን ብትቀር ማንንም አትከስም። ሰውየው ምንም ሳያይ ይሄዳል፤ ሰኞ ትመለሳለች።»

ነገሩ እውነት ነበር። «ቁም» ካላለች የሚያዝባት ነገር የለም። ጋሽ ናሆምም መጥተው ያንኑ አሏት። «ለአንድ ቀን ስድስት አሥረኛዬን እጫወታለሁ። ፈቃድሽን ይዘሽ ቆዪልኝ።»

«እሺ» አለቻቸው። ያለችውም ከልቧ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። አቤኔዘር ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሰርጉ አለፈ። የለቅሶው ትዕይንት መጣ፤ ጎረቤቶች ገቡ። ከጎረቤቶቹም ኋላ አንዲት ከሲታ ግራጫ ድመት ገባች።

ኪሩቤል ያን ቀን ተቆጣጣሪውን ፈርቶ ዓሣውን ሳይነካ በጓሮው በር አስቀምጦት ነበር። ድመቷም በልታ፣ አፏን ጠርጋ፣ የተከፈተውን በር አይታ ገባች። በለቀስተኞቹ መሃል አለፈች፣ የአንዷን ነጠላ አሸተተች፣ ከሬሳው ሳጥን አጠገብ ቁጭ አለች። የአቤኔዘር አንገት ተመዘዘ። ሶልያና አፏን ከፈተች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ «ቁም» የሚባለው ይኼኔ ነው፤ ለአንድ ወር የዋሸችው ነገር በእግሩ መጥቶላታል። ነገር ግን አንደኛው ተዋናይ ድመቷን ዝቅ ብሎ አየና «ነፍስ ይማር» የሚለውን ለእሷ ጨምሮ አለው፤ ድምፁም ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅሶ መሰለ። ሰዉ ሊስቅ ብሎ ተወው። ድመቷ ተነሥታ ከጎረቤቶቹ ጋር ወጣች።

«መብራት ሃያ ስምንት ሊደበዝዝ ነው፤ ይስማማሉ?»

«እስማማለሁ» አለች ሶልያና። ምስክሯን አሳልፋ መስደዷ የገባት ካለች በኋላ ነው።

በሩ ተከፈተ። ኤልዳና ደፉ ላይ ቆመች። ጋሽ ናሆም ቀና አሉ። ስድስት አሥረኛቸውን ሊጫወቱ ተዘጋጅተው ነበር፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ነገር ግን ትንፋሻቸው አላወቀም። ለአንድ ወር የለመደውን ጠብቆ ወደ ውስጥ ገባና እዚያው ቀረ።

«ሙዚቃ አሥራ ዘጠኝ ሊገባ ነው፤ ይስማማሉ?»

«አልስማማም» አለች። ይህ መልስ በአስማሚው ዘንድ የለም። ስለዚህ የሚገባውን ጨመረችለት። «ቁም።»

ረጅም ነበር። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ኤልዳና ከንፈሯን ነከሰች፤ ይህን በልምምድ አድርጋው አታውቅም። ጋሽ ናሆም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደው ቆሙ፤ አትንቀሳቀሱ የሚለውን ሕግ ጥሰው። አዳራሹ ውስጥ የሚያዛጋ ቢኖር የሚቆጥርበት አልነበረም፤ ግን ያዛጋም አልነበረም። ሶልያና ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ትንፋሹ ሊወጣ ሲል ለቀቀችው።

«ገባሽ?»

ሰዉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ አቤኔዘር ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ቅጾቹን ይዟል። ሶልያና ተነሥታ ቆመች።

«ይቀመጡ» አላት። እሱም የመድረክ ዕቃ በሆነ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «ድመት ገባች፤ እርስዎ ዝም አሉ። ድመት አልገባችም፤ እርስዎ ቁም አሉ።»

«አዎ።»

«ያስረዱኝ።»

መዋሸት ደከማት። «የገባችው ምንም አላበላሸችም» አለች። «ያልገባችው ግን ካልቆሙላት ታልፋለች።»

አቤኔዘር ይህን አልጻፈውም። «ስንት ነበር?»

«ሁለት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ።»

«ወንበሬ ምንም አልመዘገበም። አሁን አይቼው መጣሁ። ባዶ ነው።»

«አይመዘግብም።»

ሰውየው ቅጾቹን አስተካከለ፤ የተስተካከሉ ነበሩ። «እናቴ ሞጆ ናት» አለ፣ ሪፖርት በሚያቀርብበት ድምፅ። «ካየኋት አራት ዓመቴ ነው።»

«ሞጆ ቅርብ ነው» አለች ሶልያና።

«ቅርብ ነው።»

ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ቅዳሜና እሑድ ሶልያና ሳሎኗን ሁለት ጊዜ ወለወለች፤ ፈቃድ ከሌላት ምን ሥራ እንደምትችል አሰበች፤ ከመስማማት ሌላ በወረቀት የተመሰከረላት ሙያ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱ ደረሰ። ኪሩቤል ኮሌታውን እየነካካ አነበበላት።

«በዓርቡ ትርኢት ላይ አንዲት ግራጫ ድመት ገብታ ጉዳት ሳታደርስ ወጥታለች። ወለላ የተባለችው ቡራቡሬ ድመት ደግሞ በመጨረሻው ትዕይንት ለሁለት ደቂቃ ከአራት ሰከንድ መድረክ ላይ ቆይታለች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ። ሁለቱም አይጥ ለመከላከል የተመደቡ የቤቱ ድመቶች ስለሆኑ መንጋ አይባሉም፤ እንዳይባረሩ። በለቅሶው ትዕይንት ላይ ሦስተኛ ድመት ሳትኖር እንደማትቀር እገምታለሁ። ይጣራ።»

ተጣራ። ነበረች።

በቀጣዩ ዓመት የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ መዝገብ እንዲህ የሚል ነገር ይዞ ወጣ፦ በድሬዳዋ መድረኮች ሦስት ድመቶች፣ በደሴ አምስት፣ በጎንደር አንዲት ድመት ለአራት ደቂቃ መሃል መድረክ ላይ ተኝታ ተገኝታለች፣ በሐዋሳ ድመት ስለሌለ አንድ ዳክዬ ተመዝግቧል። «የበሩ ማዶ» ከነድመቶቹ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደርሷል። መሥሪያ ቤቱ ተጨነቀ። ሲጨነቅ የሚያደርገውን አደረገ፤ አዲስ ትምህርት ከፈተ። «የመድረክ ድመት አያያዝ፣ ደረጃ አንድ» ይባላል፤ ለሁሉም የመድረክ አስተዳዳሪ ግዴታ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ብዙ የድመት ቅጽ የሞላው ማን እንደሆነ ተፈልጎ፣ አስተማሪ እንድትሆን ሶልያና ገብረየስ ተጠራች።

በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ አሥራ ዘጠኝ ሠልጣኞች ባዶ መድረክ ዙሪያ ተቀመጡ። ሁሉም የሙያ ፈቃድ ያላቸው፣ ሁሉም ሳይለዋወጥ የሚስማማ ድምፅ ያላቸው ናቸው። የጆሮ ማዳመጫቸውን አስወልቃ ጠረጴዛ ላይ አስደረደረቻቸው። መድረኩ ላይ አንድ በር ቆሟል። ከበሩ ፊት ለፊት ጋሽ ናሆም ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ለማስተማሪያ ተውሳቸው ነው።

«ሥራችሁ አንድ ነው» አለቻቸው። «ድመቷ መቼ እንደምትገባ ማወቅ።»

ከባሌ የመጣ ሚልኪ የሚባል ሠልጣኝ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ከየት በኩል ነው የምትገባው? መመሪያው ከቀኝ ይላል።»

«እሳቸውን እይ።»

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ናሆም ቀና አሉ። ሠልጣኞቹ አንገታቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ወለሉ አዞሩ። ሚልኪ ግን ሽማግሌውን አየ።

«ገባች» አለ።

«አልገባችም» አለች ሶልያና። «ገና ጓሮ ናት።»

ጥቂት ቆየ። «አሁንስ?»

«በሩ ላይ ደርሳለች። አትቸኩልባት።»

ሌሎቹም ወደ በሩ ማየቱን አንድ በአንድ ተዉት። አሥራ ዘጠኝ ሰው አንድ ሽማግሌ ሲተነፍስ አዳመጠ። የጋሽ ናሆም ደረት ተነሣ፣ ቆመ። ሚልኪ ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ የራሱንም ትንፋሽ ይዞ ነበር። ሶልያና ሊናገር አፉን ሲከፍት አየችውና ተወችው።

«ቁም» አለ ሚልኪ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሰይ» አለችው። «አየሃት? መጣች።»